ስለ ሎሚ እናት

ሎሚ የማይታወቅበት የኢትዮጵያ ቤት የለም። ዶሮ ሲታረድ ሥጋው በሎሚና በጨው ይታጠባል፤ ጕንፋን የያዘው ሰው ጭማቂውን በሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ በጥምቀትም ቀን ጐበዝ ወደ ወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባለም ስለ መተጋገዝ ይተረትበታል። ፍሬው ይህን ያህል የታወቀ ሲሆን፥ ወላጆቹ እነማን ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው። አባቱ ትርንጎ ነው፤ ይህም ለኢትዮጵያ ሰው ባዕድ አይደለም። እናቱ ግን ከአገሯ ውጭ የሚያውቃት የሌለ፥ በፊሊፒን ደሴቶች የምትበቅል፥ አበባዋ ትንሽ፥ ፍሬዋም ጎምዛዛ የሆነ የዱር ዛፍ ናት። የአገሯ ሰዎች ቢያሶንግ ይሏታል፤ ሊቃውንት ደግሞ ሲትሩስ ሚክራንታ ብለው ሰይመዋታል፤ ትርጓሜውም «አበባዋ ትንሽ የሆነ» ማለት ነው።

ስለ አንዲት የዱር ዛፍ ትውልድ መመርመር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ ነገሩን እስከ መጨረሻው ይከታተል። የዕፀዋትን ዝምድና ሳይለዩ በመቅረት የሰው ነፍስ እስከ መጥፋት የደረሰበት ጊዜ ነበረና። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አባቱ ጥቂት መናገር ይገባል። ትርንጎ በሲትሩስ ወገን ውስጥ ከታወቁት ሁሉ ቀድሞ ወደ ምዕራብ አገሮች የደረሰ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለዚህ ፍሬ ሲጽፍ፥ የሜዶን ወይም የፋርስ ፖም ብሎ ጠርቶታል፤ ዛሬም የላቲን ስሙ ሲትሩስ ሜዲካ መሆኑ ከዚያ የመጣ ነው። አይሁድ በኦሪት ዘሌዋውያን ለዳስ በዓል የታዘዘውን የመልካም ዛፍ ፍሬ ትርንጎ ነው ብለው ተርጕመው፥ እስከ ዛሬ በበዓሉ በእጃቸው ይይዙታል። ፋርሶች «ቱሩንጅ» ይሉታል፤ የአማርኛው ቃል የዚህ ዘመድ መሆኑ ለጆሮ ግልጥ ነው። እንዲሁም ሎሚን ፋርሶች «ሊሙ» ይሉታል፤ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ሰዎችም አድርቀው ወጥ የሚያጣፍጡበትን ሎሚ «ሉሚ» ይሉታል። አባትና ልጅ በአንድ የንግድ መንገድ ስማቸውን ይዘው ተጓዙ፤ እናቲቱ ግን ከአገሯ ሳትወጣ ቀረች።

ዕፀዋትን በየወገናቸው መለየት ለሊቃውንት የቆየ ሥራ ነው። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ሰጠ፤ የፊተኛው ቃል የወገኑ፥ የኋለኛው የዓይነቱ ስም ነው። ሲትሩስ ባለው ወገን ውስጥ በዚያ መጽሐፍ ያገባው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበረ፤ እነዚህም ትርንጎና ኮምጣጣው ብርቱካን ናቸው። ፈረንጆች ለሞን የሚሉትን፥ ጫፉ እንደ ጡት የሾለውን ቢጫ ፍሬ፥ ሊኔዎስ የትርንጎ ልዩ መልክ አድርጎ ቈጠረው። በኢትዮጵያ ገበያ በተለይ ሎሚ የሚባለውን፥ ክብና ቅርፊቱ ስስ የሆነውን ትንሹን ፍሬ ግን፥ ክሪስትማን የተባለ ጀርመናዊ በ1777 ዓመት ሊሞኒያ ከሚባል ከሌላ ወገን አግብቶ «ቅጠሉ የብርቱካን የሚመስል» የሚል ስም አወጣለት። ከ136 ዓመት በኋላ፥ በ1913 ዓመት፥ ዋልተር ስዊንግል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ወደ ሲትሩስ ወገን መለሰው። እንግዲህ ሎሚ በሰው ቤት ሁሉ ሲገባና ሲወጣ፥ በሊቃውንት መዝገብ ግን ቤቱን ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖሯል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ከሊቃውንት ስንፍና አይደለም፤ ከወገኑ ጠባይ ነው እንጂ። ከእንስሳት ሁለት ልዩ ዓይነቶች ቢገናኙ ልጃቸው ብዙ ጊዜ መካን ይሆናል፤ ለዚህም በቅሎ ምስክር ናት። የሲትሩስ ወገን ግን እርስ በርሱ ይዳቀላል፤ ድቅሉም አብዛኛውን ጊዜ ያብባል፥ ያፈራልም። ከዚህም የሚበልጥ ድንቅ አለ። አንዲት የሎሚ ፍሬ ዘር መሬት ላይ ብትወድቅ ሁለትና ሦስት ችግኝ የምታበቅልበት ጊዜ አለ፤ በውስጧ ከአንድ የሚበልጥ ፅንስ ስላለ ነው። ከነዚህም ፅንሶች የሚበዙት ከአባት ብናኝ የተገኙ ሳይሆኑ ከእናቲቱ አካል ብቻ የበቀሉ ናቸው፤ ስለዚህ ልጅ ሳይሆኑ የእናቲቱ ግልባጭ ናቸው። አንድ ጊዜ በአጋጣሚ የተወለደ ድቅል በዚህ መንገድ መልኩን ሳይለውጥ ከዘር ወደ ዘር ይተላለፋል፤ ያየውም ሰው ከጥንት ጀምሮ ራሱን ችሎ የተፈጠረ ዓይነት ይመስለዋል። ሎሚም ሊቃውንትን ሲያታልል የኖረው እንዲህ ነው።

ቢያሶንግ በሊቃውንት መጽሐፍ የተጻፈችው በ1915 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ የፊሊፒን ደሴቶች በአሜሪካ መንግሥት እጅ ነበሩ። በእርሻ መሥሪያ ቤቱ ይሠራ የነበረው ዌስተር የተባለው የአትክልት ዐዋቂ ስለ ደሴቶቹ የሲትሩስ ፍሬዎች ሲጽፍ፥ ይህችን ዛፍ ከሌሎቹ ለይቶ ስም ሰጣት። ቁመቷ እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሏን ያየ ሰው ሁለት ቅጠል ጫፍ ለጫፍ የተቀጠለ ይመስለዋል፤ ቅጠሉን ከቅርንጫፍ የሚያያይዘው እጀታ ግራና ቀኝ ክንፍ አውጥቶ እንደ ቅጠል ሰፍቷልና። በብርቱካን ዛፍ ላይም ይህ ክንፍ ይታያል፤ ነገር ግን እጅግ ጠባብ ነው። የቢያሶንግ አበባ ስፋቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በውስጡ ያሉት የወንዴ ክሮችም እርስ በርሳቸው ሳይያያዙ ለየብቻቸው ይቆማሉ። ፍሬዋ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ጭማቂውም ኮምጣጣ ነው። ዌስተር ከርሷ ጋራ አንዲት ታናሽ እኅቷንም ጽፏል፤ ስሟ ሳሙያዎ ነው፤ ፍሬዋም ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

የአገሩ ሰዎች ግን የሊቃውንትን መጽሐፍ ሳይጠብቁ በነዚህ ዛፎች ሲጠቀሙ ኖረዋል። በሴቡና በቦሆል ደሴቶች የሳሙያዎን ፍሬ ለራስ ጠጕር መታጠቢያ ያደርጉታል። በሚንዳናው ደሴት ሰሜን ያሉ ሰዎች ደግሞ የቢያሶንግን ጭማቂ በጥሬ ዓሣ ላይ ያፈሱታል፤ የዓሣውን ጠረን ያጠፋል፥ ሥጋውንም ያጣፍጣል። በኢትዮጵያ ጓዳ ሎሚ በዶሮና በዓሣ ላይ የሚሠራውን፥ እናቱ በሩቅ ደሴት በዚሁ መንገድ ስትሠራው ኖራለች ማለት ነው። እናትና ልጅ መሆናቸውን ያወቀ ሰው ሳይኖር፥ ሁለቱም በአንድ ሙያ ተቀጥረው ኖሩ።

ከዚህ በኋላ በሊቃውንት መካከል ትልቅ ክርክር ተነሣ። ስዊንግል በ1943 ዓመት በታተመው ሥራው የሲትሩስን ወገን ወደ 16 ዓይነት ሰበሰበው። የጃፓኑ ሊቅ ታናካ ግን፥ አትክልተኞች የሚለዩትን መልክ ሁሉ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው እያለ፥ ቍጥሩን ከ150 በላይ አደረሰው። አንዱ በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ልጆችን ያያል፤ ሌላው ልጅ ሁሉ የየራሱ ቤት አለው ይላል። ስዊንግል ደግሞ 16ቱን በሁለት ክፍል ለየ፤ በአንደኛው ክፍል የሚበሉትን እነ ትርንጎን፥ ብርቱካንንና ሎሚን አኖረ፤ በሁለተኛው ክፍል፥ ፓፔዳ ብሎ በጠራው፥ በውስጣቸው የሚጐመዝዝ ቅባት ስላለ ለመብል የማይመቹትን የዱር ዛፎች አኖረ። ቢያሶንግም የእጀታዋን ክንፍ ስፋትና የወንዴ ክሮቿን መለያየት አይቶ ከፓፔዳ ጋራ ቈጠራት። ባየው መልክ ቢመዘን ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሳያውቅ እናትንና ልጅን በሁለት ቤት ለያያቸው።

በ1975 እና በ1976 ዓመት ስኮራ፥ ባሬትና ሮድስ የተባሉት ሊቃውንት አዲስ አሳብ አመጡ። ከሚበሉት የሲትሩስ ፍሬዎች እውነተኞቹ መነሻዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ትርንጎ፥ መንደሪንና ፖሜሎ የሚባለው ትልቁ ፍሬ ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ ከመዳቀል የመጡ ናቸው አሉ። ይህም አሳብ ብዙውን ነገር ፈታ። ኮምጣጣው ብርቱካን ከፖሜሎና ከመንደሪን ተወለደ፤ ለሞን ደግሞ ከኮምጣጣው ብርቱካንና ከትርንጎ ተወለደ። ሎሚን ግን በሦስቱ ብቻ መፍታት አልተቻለም፤ የትርንጎ መልክ ቢታይበትም፥ የቀረው ወገኑ ከሁለቱ ከማንኛቸውም ጋራ አልስማማ አለ። አራተኛ ወላጅ መኖር ነበረበት።

ይህን ያስታወቀው የዘረ መል ምርመራ ነው። ዘረ መል ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፥ የወላጆች መልክ ለልጅ የሚተላለፍበት ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው ክፍሉ ከአባትና ከእናት እኩል ይመጣል። ነገር ግን ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን አካሎች የራሳቸው የሆነ ትንሽ ዘረ መል አላቸው፤ ይህም በሲትሩስ ወገን ከእናት ብቻ ይወረሳል። ስለዚህ ሁለቱን ያነበበ ሰው ወላጆች እነማን እንደ ሆኑ ብቻ ሳይሆን፥ ማን አባት ማን እናት እንደ ሆነም ያውቃል። በ2000 ዓመት የወጣ ምርመራ የሎሚ አባት ትርንጎ፥ እናቱም ሲትሩስ ሚክራንታ መሆኗን አመለከተ፤ በ2016 ዓመት የወጣውም ይህንኑ አጸና። በ2018 ዓመት ደግሞ የብዙ አገር ሊቃውንት ተባብረው፥ የ60 ዛፎችን ሙሉ ዘረ መል አንብበው፥ ሎሚ የሁለቱ የቀጥታ ልጅ እንጂ የልጅ ልጅ እንዳልሆነ አረጋገጡ። ሎሚ ወንድምም አለው፤ አለሞ የሚባለው ዛፍ ከነዚሁ ሁለት ወላጆች የመጣ ነው፤ እርሱም ፍሬው ሳይሆን ሥሩ ተፈልጎ፥ ለሞን የሚቀጠልበት ግንድ ሆኖ ያገለግላል።

አሁን ለሞንና ሎሚ ምን እንደሚዛመዱ ግልጥ ሆነ። ሁለቱም የትርንጎ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ግን አንድ አይደለችም። የአባት ልጆች እንጂ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። ይህን አለማወቅ በባሕር ላይ ብዙ ሰው አስጨንቋል።

በመርከብ ረጅም ጊዜ የሚጓዙ ሰዎች ትኵስ ፍሬና ቅጠላ ቅጠል አጥተው ሲቆዩ፥ ድዳቸው እየደማ፥ ጥርሳቸው እየተነቃነቀ፥ ጕልበታቸው እየከዳ የሚሞቱበት ስከርቪ የተባለ በሽታ ነበረ። በ1747 ዓመት ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም 12 በሽተኞች መርጦ፥ ሁለት ሁለት አድርጎ፥ ለየጥንዱ ልዩ ልዩ መድኃኒት ሰጠ፤ ብርቱካንና ለሞን የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉ ቀድመው ዳኑ። በ1795 ዓመት የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ለመርከበኞቹ የለሞን ጭማቂ እንዲታደል አዘዘ፤ በሽታውም ከመርከቦቹ ጠፋ ለማለት እስኪቻል ድረስ ተቀነሰ። ነገር ግን በ1860ዎቹ ዓመታት ከሜዲቴራኒያን ባሕር አገሮች ይመጣ የነበረው የለሞን ጭማቂ ቀርቶ፥ እንግሊዝ በምትገዛቸው በምዕራብ ህንድ ደሴቶች ከሚበቅለው ሎሚ የተጨመቀው ተተካ። በእንግሊዝኛ የሁለቱ ፍሬዎች ስም እየተቀላቀለ ይነገር ስለ ነበር፥ መተካቱን እንደ ትልቅ ነገር የቈጠረው ሰው አልነበረም። ሎሚው ደግሞ የበለጠ ስለሚኮመጥጥ፥ የበለጠ ያድናል ተብሎ ታሰበ።

በ1875 ዓመት «አለርት» እና «ዲስከቨሪ» የተባሉ ሁለት መርከቦች በናሬስ መሪነት ወደ ሰሜን ዋልታ ሲሄዱ፥ ይህንኑ የሎሚ ጭማቂ ጭነው ነበር። በተከተለው ዓመት ግን ከሰዎቹ ብዙዎች በስከርቪ ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ፤ ጕዞውም ሳይፈጸም ተመለሱ። ነገሩን የመረመሩት ሰዎች፥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ እየጐተቱ የሄዱት ጭፍሮች ጭማቂውን ይዘው ባለመውጣታቸው ፈረዱ። ጭማቂው ራሱ ደካማ መሆኑን ግን ያየ አልነበረም። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሐኪሞች የፍሬ ጭማቂ ስከርቪን ያድናል የተባለውን ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ፤ በሽታው ከተበላሸ ሥጋ ይመጣል እስከ ማለትም ደረሱ። በ1918 ዓመት በሎንዶን በሊስተር ተቋም ሁለቱ ጭማቂዎች በእንስሳት ላይ ሲፈተኑ፥ የሎሚው ኀይል የለሞኑን ሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። መኮምጠጥ ሌላ፥ ማዳን ሌላ ነው፤ የሚያድነው በኋላ ቪታሚን ሲ የተባለው ነገር ነውና። ሁለት ፍሬዎችን በአንድ ስም በመጥራት ብቻ፥ አንድ ጊዜ የተገኘ መድኃኒት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ተሰውሮ ኖረ።

የሎሚን እናት ማወቅ ላሁኑ ዘመንም የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ሎሚ በዘሩ ውስጥ የራሱን ግልባጭ እያበቀለ ስለሚራባ፥ በዓለም ያሉት የሎሚ ዛፎች እጅግ ተመሳሳይ ናቸው፤ በሜክሲኮ የሚበቅለውና በሩቅ ምሥራቅ የሚበቅለው በሥጋ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ያህል ይቀራረባሉ። እንዲህ ያለ መመሳሰል ለገበሬ መልካም ይመስላል፤ የሚዘራውን ያውቀዋልና። በሽታ ሲመጣ ግን፥ አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። በ1970ዎቹ ዓመታት በዖማን አገር በሎሚ ዛፎች ላይ አዲስ በሽታ ታየ፤ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ትንንሽና የገረጡ ቅጠሎች እንደ መጥረጊያ ተጠቅጥቀው ይወጣሉ፥ ከዚያም ዛፉ በጥቂት ዓመታት ይደርቃል። በሽታው ከዚያ ወደ ጎረቤት አገሮች አልፎ እስከ ኢራን ደረሰ፤ ሎሚን ዋና ሀብታቸው ያደረጉ ብዙ ገበሬዎችም አትክልታቸውን አጡ። ትሪስቴዛ የሚባለውን ሌላውን የሲትሩስ በሽታ ሎሚ ከሌሎች ቀድሞ በቅጠሉ ስለሚያሳይ፥ ሊቃውንት በሽታው መኖሩን ለማወቅ የሎሚ ችግኝ ምስክር አድርገው ያቆማሉ።

ወላጆቹ ሳሉ ግን ልጅ ዳግመኛ ሊወለድ ይችላል። ትርንጎ በብዙ መልክ ይገኛል፤ ቢያሶንግም በዱርዋ በአንድ መልክ ብቻ የተወሰነች አይደለችም። ሁለቱን እንደ ገና የሚያዳቅል ሰው፥ አሮጌው ሎሚ ያላገኘውን ብርታት የያዘ አዲስ ሎሚ ሊያገኝ ተስፋ ማድረግ ይችላል። ይህ ተስፋ የሚቆመው እናቲቱ እስካለች ድረስ ነው። የፊሊፒን ደን በ20ኛው ምዕት ዓመት እጅግ ተመናምኗል፤ ፍሬዋ ወደ ውጭ አገር ገበያ የማይወጣን ዛፍ ሲቈረጥ የሚያዝንለት ሰው ጥቂት ነው። አባቱ በኦሪት ትርጓሜ የከበረ ነው፤ ልጁ በሰው ማዕድ ሁሉ የተፈለገ ነው፤ እናቲቱ ግን በጠባቂዎቿ ቍጥር ከሁለቱም ታንሳለች።

የስሟ ነገርም ገና አላለቀም። ዛሬ ካሉት ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ቢያሶንግ ራሷን የቻለች ዓይነት ሳትሆን፥ ደ ካንዶል በ1813 ዓመት ሲትሩስ ሂስትሪክስ ብሎ ከሰየመው፥ ቅርፊቱ ሻካራ ከሆነው የእስያ ዛፍ ጋራ አንድ ናት ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዌስተር የሰጣትን ስም ይዘው ይጽፋሉ። ይህን የሰማ ሰው፥ ሊቃውንት የማይስማሙበትን ነገር ማጥናት ከንቱ ነው ሊል አይገባውም። ሲከራከሩ ስሙ ይለዋወጣል፤ የዘመድነቱ ነገር ግን ከክርክሩ ወደ ክርክሩ እየጠራ መጥቷል። ሊኔዎስ ከነሎሚ ስም ያልለየውን፥ ክሪስትማን ከሌላ ወገን ያገባውን፥ ስዊንግል ከእናቱ የለየውን ፍሬ፥ ከነርሱ በኋላ የመጡት ከእናቱ ጋራ አገናኝተውታል። የፊተኞቹም ባይጽፉ ኖሮ የኋለኞቹ የሚያርሙትን ባላገኙ ነበር።

ሎሚ ዛሬ በሚንዳናው ገበያ ከቢያሶንግ ጐን ተቀምጦ ሲሸጥ፥ ሻጪቱ አንዱን ለአንድ ወጥ፥ ሌላውን ለሌላ ወጥ ትመርጣለች እንጂ ዘመድ ናቸው ብላ አታስብም። እርሷ ግን በእጅዋና በአፍንጫዋ ሁለቱን ሳትሳሳት ትለያለች። የባሕር ኀይል ሹማምንት ያላደረጉት ይህንኑ ነው። የሊቃውንትም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እርሷ በቅምሻ የለየችውን እነርሱ እስከ እናቱ ድረስ ይከታተሉታል፤ ዛፏንም ሊጠብቅ የሚችለው ማንነቷን ያወቀ ሰው ነው።